ሙቀቱ ከማን ወደ ማን? ተርሞዳይናሚክስን በአንድ ኩባያ ውኃና በዩሪያ መማር

የኬሚስትሪ ፈተና ታርሞ ሲመለስ ተርሞዳይናሚክስ ላይ ነጥብ ያስጣሉት ስህተቶች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ቀመሩ በትክክል ተጽፏል፤ ማባዛቱም ልክ ነው። ግን ፕላስ መሆን የነበረበት መልስ ማይነስ ሆኗል፣ ጁልና ኪሎ ጁል አብረው ተደምረዋል፣ ወይም የጠቅላላው ድብልቅ ክብደት በሚገባበት ቦታ የዱቄቱ ብቻ ገብቷል። እነዚህ የሂሳብ ስህተቶች አይደሉም። ተማሪው ኢነርጂው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሳይጠይቅ ወደ ቀመሩ ሲሮጥ የሚመጡ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቀመሩ ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ ዩሪያ ማዳበሪያ ታሟሟላችሁ፣ ቅዝቃዜውን ትለካላችሁ፤ ከዚያ ከዚያችው ኩባያ ኤንታልፒን ታወጣላችሁ፣ ከእሷም ተነሥታችሁ ኢንትሮፒንና የጊብስ ነፃ ኢነርጂን ትረዳላችሁ። ሙከራው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በየደረጃው ለምን እንደሚደረግና ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ቦታ አብሬ እጽፋለሁ።

1. መዝገቡ የማን እንደሆነ ወስኑ

አንድ ሰው ለጎረቤቱ 100 ብር ቢሰጥ፣ ያው 100 ብር ለሰጪው ወጪ፣ ለተቀባዩ ገቢ ነው። መዝገቡ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማይነስ ወይም ፕላስ መጻፍ አይቻልም። ኢነርጂም እንዲሁ ነው።

በኬሚስትሪ የምንጽፈው መዝገብ ሁልጊዜ የሲስተሙ ነው። ሲስተም ማለት የምናጠናው ለውጥ ራሱ ነው፤ በእኛ ሙከራ የዩሪያው መሟሟት። የቀረው ሁሉ፣ ውኃው፣ ኩባያው፣ ቴርሞሜትሩና የክፍሉ አየር፣ አካባቢ ይባላል። ሲስተሙ ሙቀት ከሰጠ ለውጡ ሙቀት ሰጪ ነው፤ ፈተና ላይ ኤግዞተርሚክ ተብሎ ይመጣል፣ ምልክቱም ማይነስ ነው። ሲስተሙ ሙቀት ከተቀበለ ደግሞ ሙቀት ተቀባይ፣ ማለትም ኤንዶተርሚክ ነው፤ ምልክቱ ፕላስ ነው።

አሁን ደብተራችሁ ላይ ሁለት ሳጥን ሣሉ። በአንዱ ውስጥ “ሲስተም፦ የዩሪያ መሟሟት”፣ በሌላው ውስጥ “አካባቢ፦ ውኃ፣ ኩባያ፣ ቴርሞሜትር” ብላችሁ ጻፉ። በመካከላቸው ቀስት የሚገባበት ቦታ ተዉ። ቀስቱን የምትሥሉት ከለካችሁ በኋላ ነው።

የተለመደው ስህተት፦ ውኃው ኬሚካሉ የሚሟሟበት ስለሆነ ብቻ “ሲስተሙ ውኃው ነው” ማለት። ቴርሞሜትሩ የተነከረው ውኃው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚነግራችሁ በአካባቢው ላይ የደረሰውን ነው። ይህን ካሁኑ ከያዛችሁ ደረጃ 6 ይቀላችኋል።

2. ሙቀትንና መጠነ ሙቀትን ለዩ

በዕለት ንግግራችን ሁለቱንም “ሙቀት” እንላለን፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። መጠነ ሙቀት ቴርሞሜትር ላይ የሚነበበው ዲግሪ ነው። ሙቀት ግን በመጠነ ሙቀት ልዩነት ምክንያት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ኢነርጂ ነው፤ የሚለካውም በጁል ነው።

አንድ ሲኒ ቡናና አንድ ጀሪካን ለብ ያለ ውኃ አነጻጽሩ። ሲኒው 70 ግራም፣ በ80 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሁን። ጀሪካኑ 20 ኪሎ ግራም፣ በ30 ዲግሪ ይሁን። የክፍሉ መጠነ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው እንበል፤ ቡናውንም እንደ ውኃ እንቁጠረው። ሁለቱም እስከ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዙ ሲኒው የሚሰጠው ሙቀት 70 × 4.18 × 60 ሲሆን 17,556 ጁል ነው። ጀሪካኑ ደግሞ 20,000 × 4.18 × 10፣ ማለትም 836,000 ጁል ይሰጣል። ጣት የሚያቃጥለው ሲኒው ነው፤ 47 እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት የሚሰጠው ግን ለብ ያለው ጀሪካን ነው።

ከዚሁ ስሌት የምንፈልገው ቀመር ወጣ፦

ሙቀት = መጠነ ቁስ × ልዩ ሙቀት × የመጠነ ሙቀት ለውጥ

መጠነ ቁስ በሚዛን በግራም የምታገኙት ነው። ልዩ ሙቀት 1 ግራም ነገር በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ የሚፈልገው ጁል ነው፤ ለውኃ 4.18፣ ለአሉሚኒየም 0.90፣ ለብረት 0.45 ነው። ባዶ ብረት ድስት ምድጃ ላይ ወዲያው የሚግለውና ውኃው የሚዘገየው በዚህ ልዩነት ነው።

3. መሣሪያዎቹን አዘጋጁ

የሚያስፈልጓችሁ፦

– ዩሪያ፣ 12 ግራም። ነጭ ፍሬው ማዳበሪያ ነው። ከረጢቱ ላይ ናይትሮጅን 46 በመቶ የሚል ቁጥር ፈልጉ። ንጹሕ ዩሪያ 46.7 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ያ ቁጥር ማዳበሪያው ንጹሕ ሊባል ምንም እንዳልቀረው ይነግራችኋል። ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ አትጠቀሙ፤ እነሱ ሌላ ኬሚካል ናቸው።
– ውኃ፣ 100 ሚሊ ሊትር። መለኪያ ከሌላችሁ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አምስት ጊዜ ሙሉ። 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ያህል ስለሚመዝን 100 ግራም አገኛችሁ።
– ሁለት የፎም ኩባያዎች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ። ፎም ካጣችሁ የፕላስቲክ ኩባያ በጥጥ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። የብረት ኩባያ አይሆንም፤ የክፍሉን ሙቀት ፈጥኖ ያስገባል።
– መሐሉ የተበሳ የካርቶን ክዳን።
– ከ0 እስከ 100 ዲግሪ የሚያነብ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር። የሕመምተኛ ትኩሳት መለኪያ አይሠራም፤ የሚያነበው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው።
– እስከ 1 ግራም፣ ከተቻለ እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ እንዲሁም ሰዓት።

ቴርሞሜትሩን ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትሹት። የተፈጨ በረዶ ከውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ብትነክሩት 0 ዲግሪ ማንበብ አለበት። በፈላ ውኃ የምትፈትሹ ከሆነ ግን የምትኖሩበትን ከፍታ አስቡ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ስለሆነ። እዚያ 92 ያነበበ ቴርሞሜትር ደህና ነው፤ 100 ያነበበው ነው የተበላሸው።

ጥንቃቄ፦ ድብልቁን አትቅመሱ። የተጠቀማችሁበት ኩባያ ዳግም ለምግብ አይውልም። እጃችሁን ታጠቡ፤ ታናናሽ ልጆችን አርቁ።

4. ለኩ

ሀ. ውኃውንም ዩሪያውንም በአንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ሁለቱ የሚጀምሩበት መጠነ ሙቀት ካልተካከለ የምትለኩት የመሟሟቱን ሙቀት ብቻ አይሆንም።

ለ. ዩሪያውን በማንኪያ ጀርባ ወይም በአሮጌ ሙቀጫ አድቅቁት፤ ከዚያ 12 ግራም መዝኑ። ፍሬው ትልቅ ከሆነ ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ በዘገየ ቁጥር ከክፍሉ ሙቀት ሾልኮ ይገባል።

ሐ. ውኃውን ኩባያው ውስጥ አድርጉ፤ በየ30 ሰከንዱ ለ2 ደቂቃ አንብባችሁ መዝግቡ። ንባቡ የማይለወጥ ከሆነ መነሻችሁ እሱ ነው።

መ. ዩሪያውን በአንድ ጊዜ ጨምሩ፣ ክደኑ፣ ኩባያውን በቀስታ እያሽከረከራችሁ አማስሉ። በየ15 ሰከንዱ አንብቡ። ንባቡ ይወርድና ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቆሞ መልሶ መውጣት ይጀምራል። የሚያስፈልጋችሁ ያ ዝቅተኛው ነው።

ሠ. ሙከራውን ሦስት ጊዜ ድገሙና አማካዩን ውሰዱ። አንድ ንባብ ልክ ይሁን አይሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም።

የተለመደው ስህተት፦ ንባቡ እስኪረጋጋ ብሎ አምስትና ስድስት ደቂቃ መጠበቅ። በዚያ ጊዜ ኩባያው ከክፍሉ ሙቀት እየተቀበለ ነው።

ስትጨርሱ ድብልቁን ቢያንስ በ10 ሊትር ውኃ አቅጥናችሁ አትክልት ማጠጣት ትችላላችሁ። ሳይቀጥን ከፈሰሰበት ሥሩን ያቃጥላል።

5. አስሉ

መነሻው 22.0፣ ዝቅተኛው 16.0 ዲግሪ ሆነ እንበል።

የመጠነ ሙቀት ለውጥ = መድረሻ ሲቀነስ መነሻ = 16.0 − 22.0 = −6.0 ዲግሪ

የቀዘቀዘው ነገር ውኃው ከነሟሟበት ዩሪያ ነው፤ ስለዚህ መጠነ ቁሱ 100 + 12 = 112 ግራም ነው።

ሙቀት = 112 × 4.18 × (−6.0) = −2,809 ጁል = −2.81 ኪሎ ጁል

እዚህ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው በ112 ፈንታ 12 ማስገባት ነው፤ ቀመሩ የሚጠይቀው የቀዘቀዘውን ሁሉ እንጂ የጨመራችሁትን ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ለውጡን “መነሻ ሲቀነስ መድረሻ” ማድረግ ነው፤ ምልክቱ ይገለበጣል። ሦስተኛው በለውጡ ላይ 273 መደመር ነው። የ6 ዲግሪ ሴልሲየስ ልዩነት የ6 ኬልቪን ልዩነት ነው፤ እዚህ መደመር አያስፈልግም። ኬልቪን የግድ የሚሆንበት ቦታ በደረጃ 9 ይመጣል።

አንዳንድ የፈተና ጥያቄዎች “የድብልቁን መጠነ ቁስ ከውኃው እኩል ውሰዱ” ይላሉ። ያኔ የታዘዘውን ተከተሉ፤ ካልተባለ ግን ሁሉንም ደምሩ።

6. ምልክቱን ወደ ሲስተሙ መዝገብ አዙሩ

ያገኛችሁት −2.81 ኪሎ ጁል የአካባቢው መዝገብ ነው። ውኃው ይህን ያህል ሰጠ። ለማን? ለሚሟሟው ዩሪያ። ውኃው የሰጠውን ዩሪያው ተቀብሏልና ሲስተሙ +2.81 ኪሎ ጁል አለው። አሁን ደረጃ 1 ላይ ያስቀራችሁትን ቀስት ከአካባቢው ወደ ሲስተሙ ሣሉት።

ይህ የተርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ እጅ ይለውጣል።

የተለመደው ስህተት፦ “መጠነ ሙቀቱ ወርዷል፣ ስለዚህ ማይነስ” ማለት። ተቃራኒው ነው። ውኃው ከቀዘቀዘ ሲስተሙ ተቀብሏል፤ ፕላስ። ውኃው ከሞቀ ሲስተሙ ሰጥቷል፤ ማይነስ። ኩባያውን በእጃችሁ ያዙት፤ ከመዳፋችሁም ሙቀት እየወሰደ ነው። ፈተና ላይ ከጠፋባችሁ ያ ቅዝቃዜ ትዝ ይበላችሁ።

7. ወደ አንድ ሞል መንዝሩ

2.81 ኪሎ ጁል የእናንተ 12 ግራም ጉዳይ ነው። 20 ግራም የተጠቀመ ጓደኛችሁ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ሁለታችሁ እንድትነጻጸሩ በሞል መካፈል አለባችሁ።

የዩሪያ አንድ ሞል፦ ሁለት ናይትሮጅን 28፣ አንድ ካርቦን 12፣ አንድ ኦክስጅን 16፣ አራት ሃይድሮጅን 4፤ ድምሩ 60 ግራም።

12 ÷ 60 = 0.20 ሞል

2.81 ÷ 0.20 = +14.0 ኪሎ ጁል በሞል

ግፊቱ ስላልተለወጠ (ኩባያው ለአየር ክፍት ነው) ይህ ሙቀት የኤንታልፒ ለውጥ፣ ዴልታ ኤች፣ ተብሎ ይጠራል። መልሱን ያለ ምልክትና ያለ “በሞል” አትጻፉ፤ ሁለቱም ነጥብ አላቸው።

8. ስህተታችሁን መርምሩ

በመጻሕፍት የሚገኘው ዋጋ 15 ኪሎ ጁል በሞል ገደማ ነው። የእኛ 14.0 በ7 በመቶ አካባቢ አንሷል። “የሰው ስህተት” ብላችሁ አትለፉት፤ ምክንያቱን በስሙ ጥሩ።

ኩባያው ከክፍሉ ስለቀዘቀዘ ከውጭ ሙቀት ገብቷል። ኩባያውና ቴርሞሜትሩም ትንሽ ሙቀት አዋጥተዋል፤ እኛ ግን የቆጠርነው የድብልቁን ብቻ ነው። ሁለቱም የመጠነ ሙቀቱን መውረድ ያሳንሳሉ፤ መልሳችን ያነሰው ለዚህ ነው። የእናንተ ውጤት ከ15 በጣም የሚበልጥ ከሆነ ግን ምክንያቱ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሚዛኑን ወይም የውኃውን ልክ ፈትሹ። ስህተቱ በየት በኩል እንደሄደ ማየት ጥፋቱ የት እንዳለ ይጠቁማል።

9. “ሙቀት እየወሰደ ለምን በራሱ ይሟሟል?” ብላችሁ ጠይቁ

በመጀመሪያ ሙቀቱ የት ገባ? በጠጣሩ ዩሪያ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ተያይዘዋል፤ ለማላቀቅ ኢነርጂ ይከፈላል። ሞለኪውሎቹ ከውኃ ጋር ሲያያዙ ኢነርጂ ይመለሳል። በዩሪያ የሚከፈለው ከሚመለሰው ስለሚበልጥ ልዩነቱ ከውኃው ተወሰደ። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ትስስር ማላቀቅ ሁልጊዜ ኢነርጂ ይፈልጋል፣ ትስስር መፍጠር ሁልጊዜ ኢነርጂ ይሰጣል። “ትስስር ሲበጠስ ኢነርጂ ይወጣል” የሚለው በብዙ ደብተር ላይ የሚገኝ ስህተት ነው።

ታዲያ ከሳሪ ሆኖ ለምን ይሟሟል? ለውጥ በራሱ መካሄዱን የሚወስነው ኤንታልፒ ብቻ ስላልሆነ ነው። ኢንትሮፒም አለ፦ ኢነርጂውና ቅንጣቶቹ ሊደረደሩ የሚችሉባቸው መንገዶች ብዛት መለኪያ። በጠጣሩ ውስጥ በረድፍ የተቀመጡት ሞለኪውሎች ውኃው ውስጥ ሲበተኑ መንገዶቹ እጅግ ይበዛሉ። ሁለቱን የሚያመዛዝነው የጊብስ ቀመር ነው። ዴልታ ኤስ የኢንትሮፒ ለውጥ፣ ዴልታ ጂ የጊብስ ነፃ ኢነርጂ ለውጥ ነው፤ ዴልታ ጂ ማይነስ ሲሆን ለውጡ በራሱ ይካሄዳል፦

ዴልታ ጂ = ዴልታ ኤች − (መጠነ ሙቀት በኬልቪን × ዴልታ ኤስ)

ለዩሪያ መሟሟት ዴልታ ኤስ በሞል በኬልቪን +70 ጁል ገደማ ነው። ለዴልታ ኤች የመጻሕፍቱን 15 ወስደን፣ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ማለትም በ298 ኬልቪን፦

298 × 70 = 20,860 ጁል = 20.9 ኪሎ ጁል

ዴልታ ጂ = 15 − 20.9 = −5.9 ኪሎ ጁል በሞል

ዴልታ ጂ ማይነስ ነው፤ ስለዚህ ይሟሟል።

የተለመዱ ስህተቶች፦ ኤንታልፒ በኪሎ ጁል፣ ኢንትሮፒ በጁል ስለሚሰጥ ሳይቀይሩ መቀነስ፤ 15 − 20,860 የሚል መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። በኬልቪን ፈንታ 25 ማስገባት። “በራሱ የሚካሄድ” ሲባል “ፈጣን” ብሎ መረዳት፤ ዴልታ ጂ ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም።

10. መለካት የማይቻለውን በመደመር አግኙ

ኩባያ ሁሉንም አይለካም። ካርቦን በኦክስጅን እጥረት ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ስለሚወጣ የመጀመሪያውን ለብቻው መለካት አስቸጋሪ ነው። የሄስ ሕግ የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ የኤንታልፒ ለውጥ የሚወሰነው በመነሻውና በመድረሻው እንጂ በመንገዱ አይደለም።

ካርቦን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ −393.5 ኪሎ ጁል በሞል

ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ −283.0 ኪሎ ጁል በሞል

ሁለተኛውን ገልብጡት፤ ምልክቱም ይገለበጣል፣ +283.0 ይሆናል። ደምሩ፦ −393.5 + 283.0 = −110.5። ካርቦን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲቃጠል የሚሰጠው ይህን ነው።

የተለመደው ስህተት፦ እኩልታውን ገልብጦ ምልክቱን መርሳት፣ ወይም እኩልታውን በ2 አባዝቶ ዴልታ ኤችን ሳያባዙ መተው።

ይህ ስሌት ከፈተናም ያልፋል። አየር ያጣ ከሰል ሊሰጥ ከሚችለው ሙቀት 28 በመቶ ገደማውን ብቻ ሰጥቶ፣ ቀሪውን ሽታም ቀለምም በሌለው ገዳይ ጋዝ ውስጥ ይዞ ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ በቤታችሁ የሚያነድ ካለም ይህን ንገሩት።

11. በኬትል ራሳችሁን ፈትኑ

የመጨረሻው ልምምድ የሻይ ውኃ ማፍላት ነው። የኬትሉን ሥር ገልብጣችሁ ኃይሉን አንብቡ፤ 1500 ዋት ይሁን። ይህ ማለት በየሰከንዱ 1500 ጁል ነው። 1 ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ ሞልታችሁ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ ሰዓት ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት አስሉ፦ 1000 × 4.18 × 72 = 300,960 ጁል። ለ1500 ሲካፈል 200 ሰከንድ ገደማ ነው። ሰዓታችሁ ግን 240 ሰከንድ አለ እንበል። ኬትሉ በዚህ ጊዜ የወሰደው 240 × 1500 = 360,000 ጁል ነው። 59,000 ጁል ያህል ከውኃው መዝገብ ላይ የለም።

“ጠፋ” ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሲስተሙና አካባቢው የተጻፉባቸውን ሁለት ሳጥኖች እንደገና ሣሉና ተቀባዮቹን ፈልጉ፦ የኬትሉ አካል ሞቋል፣ ዙሪያው ያለው አየር ሞቋል፣ እንፋሎት ሆኖ የወጣ ውኃም ድርሻውን ይዞ ሄዷል። መብራቱ የደከመበት ሰዓት ከሆነም ኬትሉ 1500 ዋት አልሳበም ይሆናል፤ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 200 ሲወርድ ኃይሉ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። እያንዳንዱን ተቀባይ በስሙ ጽፋችሁ ቀስቱን ሣሉለት። ፈተና ላይም ማስሊያውን ከማንሣታችሁ በፊት እነዚያን ሁለት ሳጥኖች ሣሉ፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።